አጥቂው ነክሶ የተወው ዳቦ

ሆላንድ፣ ኦስዶርፕ ሰፈር፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖረውን ኡዝቤካዊ የእግር ኳስ አጥቂ ከመጀመሪያውም አላመንኩትም። ዴን ሃግ ላለ ክለብ ሲጫወት ወደ ልምምድ የሚያደርሰው ባለቤቴ ነበር። ክለቡ በውሰት ወደ ሌላ አገር ሲልከው ክብ ዳቦ ይዞ መጣ። አንዴ ነከሰና የቀረውን ለባለቤቴ ሰጠው። ባለቤቴም በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ላይ አኖረው።

እኔ የጸሎት ቤት ሰው ነኝና ደነገጥኩ። «ይሄ መተት ነው፤ ጣለው!» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! በአገራቸው መንገደኛ እንዲህ ነክሶ ይሄዳል። ሲመለስ ይጨርሰዋል» ብሎ ሳቀብኝ።

ብዙም ሳይቆይ ባለቤቴ ለቀዶ ጥገና ሆስፒታል ገባ፤ በዚያው ቀረ። ከቀብሩ በኋላ ዳቦውን አውርጄ ሳየው ሁለት ቦታ ተነክሷል። አጥቂው የነከሰው ግን አንዴ ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ተደብቆ ቤቴ ገብቶ ነበር ማለት ነው? ባሌን የወሰደብኝ ይሄ ዳቦ ነው አልኩ። አጥቂውን ሳልጠይቅ ግን አልጥለውም አልኩ።

ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ ፊቱ አስቀመጥኩለት። «ሁለተኛውን ማን ነከሰው?»

«ባልሽ ነው፣ እህቴ» አለኝ በሆላንድኛ። «ሆስፒታል ሊገባ ሲል ደወለልኝ። ‹እኔም ነከስኩት፤ ስመለስ አብረን እንጨርሰዋለን› ብሎኝ ነበር።»

ዳቦው ድንጋይ ሆኗል። በሻይ እያራሰ በራሱ ንክሻ በኩል ያለውን ግማሽ ሲበላ፣ መዋጡን አተኩሬ አየሁ። የባሌን ግማሽ ጠቅልዬ ወደ ቁም ሳጥኑ መለስኩት።