ለአንቀጽ ስድስት የለመንኩት ድምፅ

ሊሙ ገነት የኅብረት ሥራ አደራጅ ሆኜ የገባሁት በደርግ ዘመን፣ ጅማ ካለው ኮሌጅ በተመረቅሁ በወሩ ነው። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊዬ ጓድ አሰፋ የአባላት መዝገብ፣ የቃለ ጉባኤ ደብተርና የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ አንድ ቅጂ ሰጡኝ።

«ደንቡን አስረዳ፣ ስብሰባ ጥራ፣ የተባለውን ጻፍ» አሉኝ። «ድምፁ ግን የገበሬው ነው። እጅህን እንዳታስገባ።»

እሺ አልኩ። ሁለት ዓመት ያህልም ቃሌን ጠበቅሁ።

ያን ጊዜ ሥራዬን እወደው ነበር። ከቀበሌ ቀበሌ የምሄደው በበቅሎ ነው። ኦሮምኛ የተማርኩት የቡና መፈልፈያው ጋ ተራ ከሚጠብቁ ሰዎች ነው፤ ስሳሳት ይስቁብኛል፣ ስቀው ሲያበቁ ያርሙኛል። በለቀማ ወራት የእሸት ቡናው ገለፈት ሽታ ከልብሴ አይለቅም ነበር። አሁን ይናፍቀኛል።

አንድ ጠዋት አዴ ራህማ ቢሮዬ መጡ። አዴ እዚያ አገር ለትልቅ ሴት የአክብሮት መጠሪያ ነው። ባላቸው ሞተው የሐዘን ወራቸውን ገና መጨረሳቸው ነበር። ሟቹ ሁለት ሚስት ነበሯቸው፤ አዴ ራህማ ሁለተኛዋ ናቸው።

«መፈልፈያው ቡናዬን አልቀበልም አለ» አሉኝ። «ስምሽ መዝገብ ላይ የለም አሉኝ። ያን ሁሉ ዓመት የለቀመው እጄ ግን ይኸው አለ።»

ሰዎቹ ያሉት እንደ ደንቡ ነው። አንቀጽ ስድስት፣ አባል የሚሆነው አባወራው ነው ይላል። አባወራው ሲሞት ስሙ ይሰረዛል፤ የስኳሩና የጨው ድርሻው፣ የመፈልፈያ ተራውም አብሮ ይቀራል።

አንቀጹን ለማሻሻል የጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። «አባሉ ሲሞት ሚስቶቹ ይተካሉ» የሚል ረቂቅ አዘጋጀሁ። ጓድ አሰፋ አነበቡት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ይለፍ፣ ይውደቅ፣ አንተን አያገባህም።»

በማግስቱ በቅሎዬን ጭኜ ድምፅ ልለምን ወጣሁ።

ልመናውን ያስተማሩኝ አዴ ራህማ ናቸው። «ሽማግሌን በስብሰባ መሀል አትጠይቅ» አሉኝ። «እዚያ እምቢ ካለ፣ በኋላ እሺ ለማለት ያፍራል። ቤቱ ሂድ። መጀመሪያ ስለ ከብቱ ጠይቀው።»

እሳቸው በገበያ ቀን ሚስቶቹን ያነጋግራሉ፤ እኔ በማግስቱ ባሎቹ ዘንድ እሄዳለሁ። ብዙዎቹ ነገሩን ሰምተው ይጠብቁኛል። አንዱማ ገና ከበቅሎዬ ሳልወርድ፣ «እጄን አነሣለሁ፤ ብቻ ቤቴ ሰላም ልግባ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በሥራ እንደዚያ የሳቅሁበት ጊዜ የለም።

የቀሩት አንድ ሽማግሌ፣ አባ ፎጊ ነበሩ። እሳቸው እጃቸውን ካነሡ የቀበሌያቸው ሰው ሁሉ ያነሣል። ስለ ከብቶቻቸው ጠየቅኳቸው። መለሱልኝና ወደ ጉዳዩ ገቡ።

«ሁለት ሚስት ያለው ሲሞት ሁለት አባል ይተካል?»

«አዎ።»

«አንድ ያለው ጎረቤቱስ?»

«አንድ።»

«እንዲህ ከሆነ ደንብህ ጎረቤት ያጣላል። ‹የመጀመሪያዋ ሚስት› ብለህ ጻፍ፣ ሰዎቼ እጃቸውን ያነሣሉ። አለዚያ ወላሂ አንድም እጅ አይነሣም።»

መንገድ ላይ ቆሜ ስሌቱን ሠራሁ። ያለ እሳቸው ሰዎች ሁለት ሦስተኛ አይሞላም። ጉባኤው የሚውለው ከነገ ወዲያ ነው። ስመለስ የአዴ ራህማን ቤት አየሁት፤ መንገዱ በደጃቸው ያልፋል። አልገባሁም። ቢሮ ደርሼ «ሚስቶቹ» የሚለውን ሰርዤ «የመጀመሪያዋ ሚስት» ብዬ ጻፍኩ።

በጉባኤው ቀን ሴቶቹ ድምፅ ባይኖራቸውም ከኋላ ተቀምጠው ነበር። አንቀጹን በአማርኛ አነበብኩ፤ ሊቀመንበሩ በኦሮምኛ ደገመው። አባ ፎጊ እጃቸውን አነሡ፣ ሰዎቻቸውም ተከተሉ። አለፈ። ሴቶቹ እልል አሉ። አዴ ራህማ ግን ወደ እኔ ያዩ ነበር።

ሰው ሲበተን መጡ።

«ኢልመኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ብዙ ሴት ገባች። አልሐምዱሊላህ። ለምን ቤቴ አልመጣህም? ብትጠይቀኝ እኮ እሺ እልህ ነበር።»



በዚያ ዓመት ቡናቸው በጣውንታቸው ስም ገባ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ በቅሎ ጭነው ሲመጡ አያቸው ነበር። አዴ ራህማ ሁልጊዜ ሰላም ይሉኛል፤ ምክር ግን ዳግመኛ አልሰጡኝም።

ከዚያ በኋላ ሰኮሩም ጅማም ተዛውሬ ሠርቻለሁ፤ ብዙ ደንብም አርቅቄአለሁ። ድምፅ ለማግኘት ቃል መለወጥ በዚህ ሥራ ያለ ነው፤ እኔም ደጋግሜ ለውጫለሁ። ከመለወጤ በፊት ግን ቃሉ የሚነካው ሰው ቤት ሄጄ እጠይቃለሁ።