ከጎማ የተቆረጠው ቀበቶ

ጎረቤታችን ጋሽ አበጀ ትንኝ ለማባረር አሮጌ ጎማ ሲያቃጥሉ፣ ሽታው ያንን ቀበቶ አመጣብኝ።

በደርግ ጊዜ፣ መተማ ላይ የሰሊጥ አጨዳ ሲያልቅ ጎረምሶች ትግል ይገጥሙ ነበር። ያሸነፈ ከትራክተር ጎማ የተቆረጠ ቀበቶ ይታጠቃል። ወንድሜ አያሌው ሊገጥም ሲወጣ እናቴ ትከሻውን ይዛ፣ «ልጄ፣ ዛሬስ ወድቀህ ግባልኝ» አለችው። ተናደድኩባት፤ እናት እንዲህ ትመርቃለች?

«ሰው ምን ይለኛል፣ እማ?» ብሏት ሄደ።

በመጨረሻ ጋሽ አበጀን ጥሎ ቀበቶውን ታጠቀ። ከዳር ቆሞ ሲያይ የቆየው የቀበሌ ሊቀመንበር ጀርባውን መታ መታ አድርጎ፣ «አገር የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው» አለ። እንደ ቀደሙት አሸናፊዎች ሁሉ ከሜዳው በቀጥታ ለጦርነት ጫኑት። ቀበቶውን ለመጪው ዓመት አስፈትተው አስቀሩት፤ እሱ ግን አልተመለሰም።

ጋሽ አበጀ ከጢሱ ማዶ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው፣ «ወንድምሽን እኮ የሚጥለው አልነበረም» አሉኝ።