ጥፋቱ የጎማው ይሁን

ሾፌሩን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «አይቀመጤ» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ነበረች፣ ነፍሷን ይማር። እውነቷን ነው፤ ሰውዬው ከመሪ ኋላ ካልሆነ በቀር የትም ቁጭ አይልም። ምሳውን እንኳ የሚበላው ቆሞ፣ ሳህኑን በእጁ ይዞ፣ በወጥ ቤቱ መስኮት መኪናውን እያየ ነው። እንግዳ ሲመጣ ተነስቶ ይቀበላል፤ እንግዳው ሲቀመጥ እሱ እንደቆመ ይቀራል። «ኧረ ወንበሩ አይነክስህም!» ቢሉት ይስቃል እንጂ አይቀመጥም።

ወጣትነቱን የጭነት መኪና ላይ ጨረሰ። ጭነቱ ሲሰለቸው አራቱም ጎማዋ የሚጎትት አሮጌ መኪና ገዛና ከዳገቱ በላይ ወዳለው ትምህርት ቤት መምህራን ማመላለስ ያዘ። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ሲወጡት ያስነጥሳል፣ ሲወርዱት ያስጸልያል። ከመምህራኑ አንዷ የገዛ ልጁ ናት። ሁልጊዜ ጋቢና፣ ከጎኑ ትቀመጣለች።

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ አይቀመጤ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። የመኪናዋ ቀኝ የኋላ ጎማ ፍሬን ባይረገጥም ይይዛል። ቁልቁለቱን ጨርሰው ሲቆሙ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፤ ልጁ ደጋግማ ነግራው ሰምቶ እንዳልሰማ ሲሆንባት፣ «ካላሳየኸው ሰኞ በእግሬ ነው የምወጣው» ብላ አፋጠጠችው። አምጥታውም አላመነችው፤ ጋቢና ውስጥ የፈተና ወረቀት እያረመች ቁጭ ብላለች።

ሌላ ሰው ቢሆን መኪናዬ ጤነኛ ትሁንልኝ ብሎ ይለምናል። አይቀመጤ ግን የሚለምነው መኪናዋ ታማ እንድትገኝ ነው! ምክንያቱን የሚያውቁት እሱና ፈጣሪው ብቻ ናቸው።

ስኳር አለበት። ኪኒኑን ሲያስታውስ ይውጣል፣ ሲረሳ ይተዋል። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው በደም ርሶ አገኘው። ሚስማር ሶሉን በስቶ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲወጋው ውሏል፤ እሱ አልሰማውም። ቀኝ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በታች የሌላ ሰው እግር ሆኗል። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ይህስ ባልከፋ። አንድ ቀን ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን የረገጠ መሰለው፤ አልረገጠም። መኪናዋ ወደ ዳቦ ቤቱ ግንብ ስትከንፍ የእጅ ፍሬኑን ሳብ አድርጎ ለጥቂት አተረፋት። መምህራኑ «ጋሼ ባይሆን ኖሮ አልቀን ነበር!» እያሉ እየተሻሙ ሳሙት። ወይ ጉድ! ሊጨርሳቸው የነበረውን ሰው እንደ አዳኝ ሳሙት፤ እሱም ምላሱን ውጦ ተሳመ። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለት ሲጀምር ቀኝ እጁ ከእጅ ፍሬኑ ላይ አይነሳም፤ በጥቂት በጥቂቱ እየሳበ ነው የሚወርደው። ልጁ ብታየው እንኳ እጁን ማርሹ አጠገብ ያሳረፈ ነው የሚመስላት።

ጎማው የሚይዘው በዚህ የተነሳ ይሆን? ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። አይቀመጤ የሙጥኝ ያለው «ላይሆንም» የምትለዋን ነው። ሌላ ብልሽት ከተገኘ ጥፋቱ የጎማው ነው፤ ያሠራዋል፣ ሰኞ ይነዳል። ካልተገኘ ግን ነገሩ ወደ እግሩ ይዞራል፤ መንዳት ቀረ ማለት ነው። መንዳት ከቀረ ደግሞ ምን ሊሆን ነው? ወንበር ላይ ሊቀመጥ?

መካኒኩ የድሮ ጓደኛው ነው፤ ቦርጫም፣ ተጫዋች፣ ሥራ ሲይዝ ግን ቀልዱም ሥራው ላይ የሚሆን ሰው። እጁን ወደ ጎማው መሀል አስጠግቶ ቶሎ ሰበሰበው።

«አስተማሪዋ፣ እንቁላል አላመጣሽም? እዚህ ላይ ይጠበስ ነበር» አለ።

ከዚያ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፎ፣ የእጅ ፍሬኑን አስለቅቆ፣ የኋላውን በክሪክ አነሳና ጎማውን በእጁ አሽከረከረው። አልዞርም አለ፤ እየጎረበጠ ትንሽ ሄዶ ቆመ። ላይና ታቹን ይዞ ነቀነቀው።

«ኩሽኔታው አልተነካም» አለ። «ቢያልቅ ኖሮ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ይወዛወዝ ነበር።»

አይቀመጤ በሆዱ «አንድ ተስፋ ሄደ» አለና ግቢውን ዞሮ መጣ።

መካኒኩ ከጎማው ጀርባ ያለችውን ማስተንፈሻ ቡሎን ላላ አደረጋት። የፍሬን ዘይቱ መስመር ውስጥ ታፍኖ ከሆነ ፊጭ ብሎ ይወጣና ጎማው ይለቃል። ዘይቱ ግን ጠብ ጠብ አለ እንጂ አልተፈናጠረም፤ ጎማውም እንደያዘ ነው። ቡሎኗን መልሶ አጠበቀ።

«ቱቦውም ደህና ነው» አለ።

«በደንብ እየው እንጂ! ምን ያስቸኩልሃል?» አለ አይቀመጤ።

«እኔን ነው ችኩል የምትለኝ? አንተ ከጠዋት ጀምሮ ግቢዬን በእግርህ ለካኸው እኮ! መሬቱን ልትገዛኝ ነው?»

ጎማውን ፈታ፤ የፍሬን ሸራዎቹን የሚሸፍነውን ክብ ብረት ዙሪያውን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ አወለቀው። የፍሬን ሸራዎቹ ከሰል መስለው ጠቁረዋል። የመካኒኩ ፊት ኮስተር አለ።

«ግባና ፍሬን ርገጥልኝ። ቀስ ብለህ፣ በጥቂቱ። ሸራዎቹ ተገፍተው ይመለሱ እንደሆን ልይ።»

አይቀመጤ ክው አለ። ግን ምን ይበል? ገብቶ ከመሪው ኋላ ተቀመጠ። ልጁ ወረቀቷን ጭኗ ላይ ሰብስባ ሸሸት አለችለት።

«ርገጥ!» አለ መካኒኩ ከኋላ።

ረገጠ።

«ርገጥ እንጂ!»

«ረግጫለሁ!»

«ጠበቅ አድርግ!»

«ይኸው ጠበቅ አድርጌያለሁ አልኩህ!» ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ።

መካኒኩ አጎንብሶ ሸራዎቹን አየና እልል ሊል ምንም አልቀረው። «ተገኘ! ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ደርቆ ቀርቷል። ንቅንቅ አይልም! በል እንኳን ደስ ያለህ፣ በሽታዋ ታወቀ!»

የአይቀመጤ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ተመስገን! ጎማው ነው፤ ጥፋቱ የጎማው ነው! ደስታውን ሊያካፍላት ወደ ልጁ ዞረ። ልጁ ግን ፊቱን አላየችም። አንገቷን አቀርቅራ እግሩን ታያለች። ቀኝ እግሩ ቤንዚን መስጫው ላይ ነው፤ አጥብቆ፣ እስከ ወለሉ ድረስ ረግጦታል።

ሞተሩ ጠፍቶ ስለነበረ እንጂ!

ወረቀቶቹ ከጭኗ ላይ ተበተኑ። በጉልበቱ ላይ ጎንበስ ብላ እጇን ወደ ታች ሰደደችና የፍሬኑን ፔዳል በመዳፏ ተጫነችው።

«እሰይ!» አለ መካኒኩ ከኋላ። «ተነቃነቀ! ልቀቅ!» ለቀቀች። «ተመለሰ! ይሠራል እኮ፣ ምነው ቅድም አሾፍክብኝ? በከንቱ ፒስተን ልታስገዛኝ ነበር!»

የአይቀመጤ ወሽመጥ ቁርጥ አለ። ልጁ ቀና ብላ ተቀመጠች። መካኒኩ ከሥር ያጉረመርማል፤ አሁን የእጅ ፍሬኑን ገመድ ይዞታል።

«አሃ! ገመዱ ተበልቷል፣ ሲሳብ ሄዶ አይመለስም። የግራው ላልቶ ኖሯል፤ ለዚህ ነው አንዱ ብቻ የነደደው። አንተ፣ የእጅ ፍሬን ቆመው የሚይዙት ነው እንጂ እየሄዱ የሚይዙት አይደለም፣ ይሄንን ላንተ ልንገርህ? ቆይ፣ ገመድ ሳይኖረኝ አይቀርም።» እየተነፈሰ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገባ።

«መቼ ነው የጀመረህ?» አለች ልጁ።

«ምኑ?»

«አባዬ!»

«አርባ ዓመት ነድቻለሁ!» ብሎ ጮኸባት። «ሰው አልገጨሁም፣ ዶሮ አልገጨሁም! አንቺን ያሳደገሽ ይሄ እግር ነው!»

ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የዳቦ ቤቱ ለታም?» አለችው።

መሪውን ጨምድዶ ያዘ። መዋሸት ይችል ነበር፤ ዓይኗን ሲያይ አቃተው።

«አዎ» አለ።

«እኔ እኮ ሳምኩህ» አለች። «ከሁሉ በፊት የሳምኩህ እኔ ነኝ።»

ከዚያ አለቀሰች። አይቀመጤ እንዲህ ያለ ሐፍረት በዕድሜው አያውቅም፤ ከመኪናዋ ወርዶ እብስ ቢል ደስ ባለው፣ እግሩ ግን የት እንዳለ እንኳ እርግጠኛ አይደለም። ስትጮህበት ይሻለው ነበር። እሷ ግን የተበተነውን ወረቀት አንድ በአንድ ለቀመች እንጂ አልጮኸችም።

መካኒኩ ገመዱን ቀይሮ፣ ሸራዎቹን በአዲስ ተክቶ፣ የግራውንም አስተካክሎ፣ ጎማውን መልሶ ገጥሞ በጣቱ ሲገፋው ያለ ከልካይ ዞረ። «ጨርሰናል! ሰኞ እንደ ሙሽራ ትነዳታለህ» ብሎ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። አይቀመጤን ያገኘው በሌላኛው በር በኩል ነው፤ ጋቢና፣ የልጁ ቦታ ላይ ተቀምጧል። ልጁ ከመሪው ኋላ ናት፤ ቁልፉም እጇ ላይ ነው። መንዳት ያስተማራት እሱ ራሱ ነበር፤ መሪውን ግን አንድ ቀን አሳልፎ ሰጥቷት አያውቅም።

«ምነው፣ ዛሬ ሹመት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ መካኒኩ። «አይቀመጤ ተቀመጠ!»

«ፍሬኑ ደህና ነበር» አለ አይቀመጤ። «ቅድም የረገጥኩት ቤንዚኑን ነው። እግሬ አይሰማኝም። ከክረምት ጀምሮ አይሰማኝም።»

የመካኒኩ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። ሄዶ ያጠበቃቸውን ቡሎኖች እንደገና ያጠብቅ ጀመር።

ልጁ ወንበሩን ወደ ፊት ስባ፣ መስታወቱን ወደ ራሷ አዙራ፣ ሞተሩን አስነሳች። አይቀመጤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ ጉልበቱ ላይ አኖረው፣ አነሳው፣ መልሶ አኖረው።

«ወዴት ልውሰድህ፣ አባዬ?» አለችው።

ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲጠይቅ ኖሯል፤ እሱን ግን የጠየቀው አልነበረም።

«ሐኪም ጋ» አለ። «እንዳትተዪኝና እንዳትሄጂ ብቻ፤ አብረሽኝ ግቢ።»