ጠብ ያልነበረበት ጠዋት

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ መቱ ስልክ ቤት ተቀጠርኩ። ድምፄ አይጮህም፣ ጆሮዬም ደህና ይሰማል ተብዬ ነው የተወሰድኩት። ሥራው ሰሌዳ ፊት ተቀምጦ ሰውን ከሰው ማገናኘት ነበር። አንድ ከተማ ሲደውል በሰሌዳው ላይ የዚያ ከተማ ትንሽ ክዳን ትወድቃለች፤ ገመዱን ቀዳዳው ውስጥ እሰካና «መቱ» እላለሁ። ከወዲያ ያለው ሠራተኛም የራሱን ስም አይናገርም፣ የከተማውን ስም ነው የሚናገረው። እንዲህ እየተባባልን ብዙ ዓመት ስለኖርን፣ በመስመር ላይ የማውቃቸውን ሰዎች እስከ ዛሬ የማስባቸው በከተማቸው ስም ነው።

ሦስት ነበሩ። ጋሼ ጎሬ ጡረታ ለመውጣት የተቃረቡ ሰው ናቸው። ጎሬ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ በነበረችበት ጊዜ ሥራ ጀምረው፣ ቢሮዎቹ ወደ መቱ ሲወርዱ እሳቸው ኮረብታቸው ላይ ቀሩ። ሲናገሩ እንደሚያነቡ ነው፤ አራት ነጥቡ ሳይቀር ይሰማል። በደሌ ወጣት ወንድ ነው። ከተማው መንገዶች የሚገናኙበት ስለሆነ የሾፌሩ ወሬ ሁሉ እሱ ዘንድ ያድራል። እትዬ ሁሩሙ ባላቸው ቀደም ብለው የሞቱባቸው፣ አንድ ወንድ ልጅ ያላቸው ሴት ነበሩ። የሁሩሙ ስልክ ቤት አንዲት ክፍል ስትሆን ሠራተኛዋም እሳቸው ብቻ ነበሩ። ከውጭ ወደ ሁሩሙ የሚገባ ቃል ሁሉ በእሳቸው እጅና ጆሮ ነው የሚያልፈው።

አንዳቸውንም በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ጠዋት፣ ቢሮዎች ሳይከፈቱ፣ ሰሌዳው ጥቂት ዝም ይላል። በዚያን ጊዜ እኔ የሦስቱን ከተሞች ገመድ አንድ ላይ አገጣጥም ነበር። መስመሮቹ የሚገናኙት መቱ ስለሆነ ያለ እኔ እጅ እርስ በርስ አይሰማሙም። ማን እንደጀመረው አላስታውስም። ክልክል መሆኑን ግን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ብዙ አልናገርም፤ አገናኝቼ አዳምጣለሁ።

«አካም ቡልተን?» ብሎ፣ በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ እያለ የሚጀምረው በደሌ ነው።

«ነጋ፣ ሰላም ነው። አንተስ እንዴት አደርክ?» ይላሉ እትዬ ሁሩሙ።

«ስኳር መጣ እናንተ ጋ?»

«መጣ ተብሏል። ያየው ሰው ግን የለም።»

«እኛ ጋ ሰልፉ መጥቷል። የቀረው ስኳሩ ነው።»

ከስኳር ወደ ቡና ኮታ፣ ከቡና ኮታ በየጫካው አዲስ መንደር ወደተሠራላቸው ሰፋሪዎች ይሄዳሉ። በደሌ ያልሰማው ነገር የለም፤ ጋሼ ጎሬ ያልተቃወሙት ነገር የለም። ክረምት ሲሆን ዛፍ መስመር ላይ ይወድቅና ለሳምንት እንለያያለን። መስመሩ ሲመለስ ክርክሩን ካቆሙበት ቃል ይቀጥሉታል።

የእትዬ ሁሩሙ ልጅ የተወሰደው በገበያ ቀን ነው። ማር ሊሸጥ ወጥቶ ከሌሎች ጎረምሶች ጋር ለውትድርና ታፈሰ። ማሩን ከነቅሉ ጎረቤት ይዞላቸው ገባ። እኛ የሰማነው በማግስቱ ጠዋት ሲሆን የተናገሩትም ይህን ያህል ብቻ ነው፤ ቅሉ አለመሰበሩን ጭምር ነገሩን። ከሥልጠና በኋላ ወደ ሰሜን ግንባር መሄዱን ሰው ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ስኳርም ስለ ቡናም መጠየቅ ተዉ። ሁሩሙ የባትሪ ድንጋይ ጠፍቶ ሬዲዮናቸው ዝም ካለ ቆይቷል፤ ስለዚህ ሬዲዮ ያላቸውን ጋሼ ጎሬን ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ።

«ጋሼ ጎሬ፣ ማታ ስለ ሰሜን ምን አለ?»

ጋሼ ጎሬ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። «ሠራዊቱ ጠላትን ደምስሶ ወደፊት እየገሠገሠ ነው ብሏል።»

«ባለፈው ሳምንትም ተደምስሶ ነበር እኮ» ይላል በደሌ። «ይሄ ጠላት ሞቶ አያርፍም?»

«አንተ ልጅ፣ ምላስህን ሰብስብ። ስልክ ላይ ነህ።»

«ስልክ ላይ መሆኔንማ አላጣሁትም፣ ደመወዝ የሚሰጡኝ ለሱ ነው። ወደፊት የሚገሠግስ ከሆነ ታዲያ በዜናው የሚጠሩት ከተሞች ለምንድን ነው ወደዚህ ወደዚህ የሚቀርቡት?»

«ማፈግፈግም ስልት አለው።»

«እንግዲያው በስልት በስልት አንድ ቀን በደሌ ይደርሱልናል። ያኔ እርስዎንና ሠራዊቱን እኔው አገናኛችኋለሁ፣ ራሳቸውን ይጠይቋቸዋል።»

እትዬ ሁሩሙ እዚህ ላይ ይስቃሉ። ሳቃቸው አጭር ነው፤ ከዚያ በኋላ «በሉ ሥራችሁን ሥሩ» ይሉና ገመዳቸውን ይነቅላሉ። በደሌ እያፌዘ ያስጨንቃቸዋል ብዬ ስለፈራሁ አንድ ቀን ለብቻቸው ሆነው ጠየቅኋቸው።

«ተዪው ይከራከር» አሉኝ። «እነሱ ከተጣሉ ገና ያልታወቀ ነገር ነው ማለት ነው። ያልታወቀ ነገር ደግሞ ለኔ ይበቃኛል።»

ጋሼ ጎሬንም ሬዲዮው የሚለውን ከልባቸው ያምኑ እንደሆነ ጠይቄያቸዋለሁ። «ከመካከላችን አንድ የሚያምን ሰው ያስፈልጋቸዋል» ብቻ ነው ያሉኝ። ከዚያ ወዲህ በክርክሩ ውስጥ ማን ምን እንደሚሠራ ገባኝ፤ ደግሜ አልጠየቅሁም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፣ ከምሳ በኋላ፣ አንድ ወጣት በሁለት ምርኩዝ እየተራመደ ወደ መስኮቴ መጣ። አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም።

«ሁሩሙ ፈልጌ ነበር። ስልክ ያለውን ባለ ሱቅ።»

«ማን ፈለገህ ልበለው?»

«አያውቀኝም። እኔ የዳሪሙ ልጅ ነኝ። አብሮኝ የነበረ ልጅ አለ፣ የሁሩሙ።» ስሙን ነገረኝ። በመስመር ላይ የማውቀው የሰው ስም ያ ብቻ ነበር። «እናቱ ስልክ ቤት ትሠራለች ብሎኛል። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ያንን አውቃለሁ። ለባለ ሱቁ ልንገረውና ሽማግሌ ይሰብስብላት።»

«በዓይንህ አይተሃል?»

«ቀብሬዋለሁ።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ከዚያ ወደ ሁሩሙ የሚገባውን ስልክ ሁሉ የሚያገናኙት እናቱ ራሳቸው መሆናቸውን ነገርኩት። እሳቸውም ሁለቱ ሰዎች መሰማማታቸውን እስኪያረጋግጡ ድረስ ከመስመሩ አይወጡም፤ ሥራው እንደዚያ ነው። ልጁ ይህን አላሰበውም ነበር።

«ስሙን ባልጠራውስ?»

«የማያውቁት ወታደር ባለ ሱቁን ሽማግሌ ሰብስብ ሲለው ይሰማሉ።»

አግዳሚው ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ምርኩዞቹ ወደቁ፤ አላነሳቸውም። እኔም የወደቀችውን የጎሬ ክዳን መለስኩና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ቃሉን በሌላ መንገድ ላክነው። መቱ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ጉራጌ ነጋዴ ሁሩሙ ውስጥ ባለ ሱቅ ወንድም ነበራቸው፤ በማግስቱ ዕቃ ጭነው ይሄዱ ስለነበር ለሽማግሌዎቹ ሊያደርሱ ተስማሙ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ እንደ ደንቡ ጎህ ሲቀድ ነው በር የሚያንኳኩት። ስለዚህ በመካከል አንድ ሙሉ የሥራ ቀን አለ። እትዬ ሁሩሙ ያን ቀን ሳያውቁ ሰሌዳቸው ፊት መቀመጥ አለባቸው። ብቻቸውን ሆነው፣ የሚደግፋቸው ሰው በሌለበት፣ በገመድ እንዲሰሙት አልፈለግንም። የቀረን ሐሳብ ይኸው ብቻ ነበር።

ለጋሼ ጎሬ ለብቻቸው ነገርኳቸው።

«ነገ ጠዋት እንደ ወትሮው አገናኚን» አሉ። «ካላገናኘሽን ይጠረጥራሉ።»

በደሌን ስነግረው «እኔ አልችልም» አለ።

«ከወትሮው የተለየ ነገር አትናገር፣ ሌላ ምንም አይጠበቅብህም።»

«አውቃለሁ። እሱን ነው አልችልም ያልኩሽ።»

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱን ገመዶች ሰካሁ። ሰላምታው ደህና አለፈ። እትዬ ሁሩሙ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል ማደሩን ተናገሩ። ከዚያ ጠየቁ።

«ማታ ስለ ሰሜን ምን አለ?»

«ሠራዊቱ ጠላትን ደምስሶ ወደፊት እየገሠገሠ ነው ብሏል።» የጋሼ ጎሬ ድምፅ አልተለወጠም። አራት ነጥቡ ተሰማ።

የበደሌ ተራ ነበር።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ በደሌ። «ደህና ዜና ነው።»

«በደሌ፣ አመመህ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ጠላት ሞቶ አያርፍም ወይ አትልም?»

«አይ፣ ጋሼ የሚሉት ልክ ነው። ስልት አለው።»

ጋሼ ጎሬ ክርክሩን ሊያስነሱ ፈለጉ መሰለኝ። በደሌ የጣለውን ወገን እሳቸው አነሱት። «እንግዲህ ሬዲዮም ቢሆን ሁልጊዜ ያየውን አይናገርም» አሉ። «ከተሞቹም እየቀረቡ ነው፤ ልጁ የሚለው እውነትነት አለው።»

ይህን እሳቸው ከአፋቸው ሲያወጡ ሰምቼ አላውቅም። እንዲያ ሲጣሉ የኖሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ጠዋት ወገን ተለዋውጠው ቆሙ፤ የሚያስታርቅም የሚያጣላም ጠፋ።

«ዛሬ የሚጣላ የለም» አሉ እትዬ ሁሩሙ።

«መቱ።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ሁለቱን አውጪና እኔን ብቻ ተዪኝ።»

የጎሬንና የበደሌን ገመድ ነቀልኩ። ጋሼ ጎሬ አንድ ቃል ጀምረው ነበር፣ መካከሉ ላይ ተቆረጠ።

«በአንቺ በኩል ነው የመጣው?» አሉኝ።

የእሳቸውን ገመድ አጥብቄ ያዝኩ።

«በአንቺ በኩል ካልመጣ በየት ይመጣል።» ለራሳቸው የተናገሩት ይመስል ነበር። «ያየ ሰው አለ?»

«አለ።»

«ሽማግሌዎቹ መቼ ነው?»

«ነገ ጠዋት።»

ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ከኋላቸው የክፍሉ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ይወርዳል።

«እንግዲያው እስከ ነገ አልሰማሁም» አሉ። «የለፋ ሰው ልፋቱ ከንቱ አይሁን። በይ መስመሩን ልቀቂ፣ ቢሮ ሊከፈት ነው።»

ያን ቀን ውለው ሠሩ። በደወልኩ ቁጥር «ሁሩሙ» ይላሉ፣ እኔ «መቱ» እላለሁ። ጓድ አስተዳዳሪው የስብሰባ ጥሪ አስተላለፉ፤ አንድ ነጋዴ ስለ ጆንያ ተጨቃጨቀ፤ እትዬ ሁሩሙ መሰማማታቸውን እያረጋገጡ ወጡ። ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ክዳናቸው ወደቀች፤ «መቱ» ስል «በስሕተት ነው» ብለው ዘጉ። በመዝጊያው ሰዓት እንደ ወትሮው ዘጉ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ፣ እዚያ የነበሩ ሰዎች እንደነገሩኝ፣ እትዬ ሁሩሙ ገና እንደሰማ ሰው ነው የጮኹት። ለሽማግሌዎቹ ሲሉ ይሁን ወይም ቀኑን ሙሉ ይዘውት የቆዩት ያኔ ወጥቶ ይሁን አላውቅም። አልጠየቅሁምም።

ቅዳሜ ለለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ማንን እንደምፈልግ አላውቅም ነበር፤ ፀጉራቸውን የተላጩት ቀጭን ሴት ዘንድ ሰው መርቶ አደረሰኝ። ጎንበስ ብዬ «እግዜር ያጽናዎት» ስል ቀና አሉ።

«መቱ ነሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ወፍራም ሴት መስለሽኝ ነበር» አሉና አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ሌላ አልተነጋገርንም። ጋሼ ጎሬ አልመጡም፤ እግራቸውን ያማቸው ነበር። በደሌ መጥቶ ኖሯል። «ድምፄን እንዳያውቁት አፌን ሳልከፍት ተቀምጬ ሄድኩ» አለኝ ኋላ።

ወደ ሥራ ሲመለሱ ጠዋት ልጠራቸው አመነታሁ። የመጀመሪያዋ የወደቀች ክዳን ግን የእሳቸው ነበረች።

«ምነው ዛሬ አታገናኚንም?»

አገናኘኋቸው።

«ጋሼ ጎሬ፣ ማታ ስለ ሰሜን ምን አለ?»

ጋሼ ጎሬ ያንኑ ተናገሩ። ጠላት ተደምስሷል።

«በደሌ፣ መልስላቸው እንጂ» አሉ እትዬ ሁሩሙ።

«ይሄ ጠላት ሞቶ አያርፍም?» አለ በደሌ። ቃሉ ያው ነው። ድምፁ ግን ጽሑፍ ሰጥተውት እንደሚያነብ ሰው ነበር። የሳቀ የለም። እትዬ ሁሩሙ ጥቂት ጠበቁ፤ የድሮውን ጠብ እንደጠበቁ ሦስታችንም እናውቅ ነበር፣ ልንሰጣቸው ግን አልቻልንም።

«በሉ ሥራችሁን ሥሩ» አሉ።

በየጠዋቱ መጠየቃቸውን አልተዉም። በየጠዋቱም ያንኑ እንነግራቸዋለን፤ አንዳንድ ቀን ከሰላምታውና ከዜናው በቀር ሌላ ቃል አይወጣም። ጋሼ ጎሬ ጡረታ ወጡና በቦታቸው የከተማዋን ስም ብቻ የሚናገር ሌላ ሰው መጣ። በደሌም ሲነጋ መደወሉን ተወ። ከዚያ እትዬ ሁሩሙና እኔ ብቻ ቀረን። እኔ ሬዲዮ ነበረኝ። ሲጠይቁኝ የሰማሁትን እነግራቸዋለሁ፤ «እሺ» ይላሉ። የሚቃወም ሰው ስለሌለ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ገመዱን ሳልነቅል፣ እሳቸውም ሳይነቅሉ፣ የቢሮ ክዳን እስክትወድቅ ዝም ብለን እንጠብቅ ነበር።