መስታወቱን ይዤ ከሰበታ ሱሉልታ

ቀበቶው ዝም ሲል ነው አደጋ ላይ መሆናችንን ያወቅኩት። ጭነት በደንብ ከታሰረ የናይለን ቀበቶው ይወጠርና መኪናው ሲሄድ ከሸራው ስር የሚገባው ነፋስ እየመታው እዝዝ ይላል፣ ልክ እንደ ንብ። ከሰበታ ጀምሮ ጆሮዬ ስር እዝዝ ሲል የመጣው ቀበቶ፣ ከአዲሱ ገበያ በላይ ዳገቱን ስንጀምር ጸጥ አለ። ሸራው ውስጥ ጨለማ ነው። ልጄ ጀርባዬ ላይ ተኝታለች። ከፊት ለፊቴ ደግሞ አራት ወንድ ተጋግዞ የጫነው የመሮጫ ማሽን ቆሟል።

ዛሬም ጭነት መኪና በአጠገቤ ሲያልፍ ሳላስበው ቆም ብዬ አዳምጣለሁ። ልጄ ትስቅብኛለች። አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፣ ኮዬ ፈጬ ተከራይታ በየቀኑ በአውቶቡስ ሥራ ትመላለሳለች። «እማ፣ አንቺኮ የቆመ መኪናም ትፈሪያለሽ» ትለኛለች። እሷ ምኑን ታስታውሰዋለች፤ ያኔ ጥርስ እንኳ አላወጣችም።

እኔም ያኔ ልጅ ነበርኩ ማለት ይቻላል። ሰበታ ውስጥ የስፖርት ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ መጋዘን ነበረው፣ እዚያ ነው የምሠራው። ኮንቴይነሩ ሲከፈት የሚወጣው የአዲስ ጎማ ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ ቤት ገብቼም ነጠላዬ ላይ አገኘዋለሁ። የእኛ የሴቶቹ ሥራ ካርቶኑን ከፍቶ የተጫረና የተጣመመውን መለየት፣ ከዚያ ደህናውን ለገዢው እንዲሄድ መልሶ ማሸግ ነው። ዕቃው ነጭ ፎም ለብሶ ነው የሚመጣው፤ ግን ፍተሻ ላይ ሲከፈት ይሰባበራል፣ የተረፈውንም ለልጆቻችን መኝታ ከስር እንዲነጠፍ ወደ ቤት እንወስደዋለን። ኃላፊያችን ራሷ ናት የምታከፋፍለን። ስለዚህ በፎሙ ፋንታ ጭድ ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቀን፣ አፉን ሰፍተን በዕቃና በዕቃ መሀል እንወትፋለን። ጭዱ እርጥብ ከሆነ ብረቱን ያዝገዋል። ክፍተት ከቀረ ደግሞ ዕቃው መንገድ ላይ መራመድ ይጀምራል።

«መራመድ» የሚሉት ሽማግሌው ጫኛችን ናቸው፤ ኦቦ ነበር የምንላቸው። አንድ ቀን ካርቶን ላይ የታተመውን የብርጭቆ ሥዕል አይተው «ይሄ ምንድነው፣ ባለቤቱ ይጠጣል ማለት ነው?» አሉኝ። «ኧረ ኦቦ፣ ዕቃው ተሰባሪ ነው ማለት ነው» ስላቸው፣ «እሱማ ከጠጣ መስበሩ መች ይቀራል» ብለው አሳቁን።

ኃላፊያችን ግን ያን ሰሞን የምትስቅ አልነበረችም። ከዚያ በፊት የላክነው ጭነት ሱሉልታ ሲደርስ ተጣሞ ነው የተገኘው። «ባሕር ተሻግሮ ጭረት ያልነካውን ዕቃ እኛ ከሰበታ ሱሉልታ አጣመምነው» እያለች ትንቆራጠጣለች። የዚያን ቀን የሚሄደው ደግሞ፣ ከመሮጫ ማሽኑና ከጠረጴዛ ቴኒሶቹ ሌላ፣ የቅርጫት ኳስ መስታወት ነው፤ ኳሱ የሚነጥርበት ሰሌዳ፣ ከእኔ ቁመት የሚረዝም። «አንቺ ከኋላ አብረሽው ትሄጃለሽ። እጅሽን ከላዩ እንዳታነሺ። ይሄ ከተሰበረ ሌላ ሥራ ፈልጊ» አለችኝ። ልጄን የምትይዝልኝ ጎረቤቴ ተጂ ለቅሶ ሄዳ ነበርና አዝዬያት ነው የመጣሁት። ከዚህ ሥራ ሌላ የምናድርበት አልነበረንም፤ እሺ አልኩ።

ቡራዩ ቆመን ለአንድ ትምህርት ቤት የጠረጴዛ ቴኒሶቹን አወረድን። ኦቦም ጠረጴዛዎቹን ሊገጣጥሙ እዚያው ቀሩ። መኪናው መሀሉ ባዶ ሆነ። ኦቦ ቀበቶውን በመዳፋቸው መታ አድርገው አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይፈታና እንደገና ይታሰር፣ ይሄ ይራመዳል» አሉት ሹፌሩን።

«እሺ ኦቦ፣ አጠብቀዋለሁ» አለና አንዴ ሳብ አድርጎ ተወው። ደመናው ከገፈርሳ በኩል እየመጣ ነበር፣ ቸኩሏል። ወጣት ነው፣ ሙዚቃውን ለቆ በአንድ እጁ የሚነዳ።

«አሁን ቦታ አለ፣ ከነልጅሽ ጋቢና ግቢ» አለኝ።

«መስታወቱስ?»

«ምነው፣ መስታወቱ ብቻውን ሲሆን ያለቅሳል እንዴ?»

ከኋላ ወጣሁ። «ሱታ!» ሲሉት ሰማሁ ኦቦ፣ ቀስ በል ማለታቸው ነው። ሸራው ከውጭ ታሰረብኝ።

እና ዳገቱ ላይ ቀበቶው ዝም አለ። መጀመሪያ ጥር የሚል ነገር ሰማሁ፤ የማሽኑ እግር ወለሉን ሲቧጥጥ ነው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጥር። ሹፌሩ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ማሽኑ ወደ እኛ ይጠጋል። በሸራው ቀዳዳ የምትገባ አንዲት የብርሃን ክር ነበረች፤ ማሽኑ ያችን ክር ሲያልፋት አየሁት። ጀርባዬ የመኪናውን የኋላ መዝጊያ፣ ስፖንዳውን፣ ተደግፏል፣ የምሸሽበት የለኝም። ልጄን ከጀርባዬ ፈትቼ ደረቴ ላይ አደረግኋት። ጫማዬን አውልቄ ስፖንዳውን ደበደብኩ። «አቁም! በእመቤቴ አቁም!» ከጋቢና የሚሰማኝ ሙዚቃው ብቻ ነው። ልጄ ነቃችና ዓይኖቿን ከፍታ ታየኝ ጀመር። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ቀና ስል መስታወቱን አየሁ። ጎን ለጎን በጭድ ማዳበሪያ ተደግፎ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እንደ ሙሽራ ቆሟል። መኪናው ውስጥ ያለው ጭድ እሱን የያዘው ብቻ ነው። ያን ጊዜ የኃላፊያችን ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። እጅሽን ከላዩ እንዳታነሺ። እጄን ግን ወደ ማዳበሪያው ሰደድኩ። አንዱን ጎተትኩ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። በእኛና በማሽኑ መሀል ደረደርኳቸውና በሁለት እግሬ ረገጥኳቸው። ማሽኑ መጣ። ጭዱ ተንኮሻኮሸ፣ ጉልበቴ ደረቴ ድረስ ታጠፈ፣ አቧራው ዓይኔን አሳወረኝ። ግን ያዘው። ማዳበሪያው ያዘው።

ቀጥሎ ያለው ኩርባ ላይ መስታወቱ ዘንበል አለና የማሽኑ ጠርዝ ላይ ወደቀ። እንዲህ ያለው እንደ ሌላ መስታወት አይሰነጠቅም። በቆሎ ቆርቆሮ ላይ ሲዘረገፍ የሚሰማውን ድምፅ አሰማና ሁሉም ስኳር ሆኖ ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀረ። ጩኸቴን ያልሰማው ሹፌር እሱን ሰማ። ፍሬን ሲይዝ ማሽኑ ወደ ፊት ተመልሶ ተንሸራተተ።

ሸራው ሲገለጥ ብርሃኑና የባሕር ዛፉ ሽታ አንድ ላይ ገቡ። «መስታወቱ ነው?» አለ። ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከማዳበሪያው ኋላ ተወሽቄ፣ ፀጉሬ ጭድ ለብሶ። ፊቱ ነጣ። «ልጅቷስ?» አለ በቀስታ። ልጄን በስፖንዳው ላይ ዘረጋሁለት። በሁለት እጁ ተቀበለኝና አቅፎ ቆመ፤ እኔ እስክወርድ ድረስ ዓይኑን ከሷ አላነሳም። ጎማው ስር ድንጋይ አስገብቶ፣ ጭነቱን ፈትቶ እንደ ኦቦ አድርጎ አሰረው። ሙዚቃውን መልሶ አልከፈተውም። ጋቢና ውስጥ ልጄን ሳጠባ እሱ መንገድ መንገዱን ብቻ ያያል።

ሱሉልታ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሜዳው ላይ ሯጮች በጭቃው መሀል ተከታትለው ያልፋሉ፣ ትንፋሻቸው ይጨሳል። ከመኪናው ወርጄ መሬት ረገጥኩ። ልጄ ጡቴን እንደያዘች እንቅልፍ ወስዷት ነበር፣ አንገቷ ስር ወተትና ጭድ ጭድ ይሸታል። የሹፌሩ ስልክ ጮኸ። አንስቶ አዳመጠና ለእኔ ሰጠኝ። ኃላፊያችን ናት።

«መስታወቱ እንዴት ሆነ?» አለችኝ።

«እትዬ፣ ደርሰናል» አልኳት። «ልጄ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።»