ወንድሜ የሞላው ቅጽ

ታላቅ ወንድሜ የአብራሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር፤ እኔ የማኅበሩን መዝገብ እጠብቃለሁ። አብራሪ ከመብረሩ በፊት «በቂ እንቅልፍ አግኝተዋል?» ለሚል ቅጽ ይመልሳል፤ ግልባጩ እኔ ጋ ይቀመጣል። አየር መንገዱ የእረፍት ሰዓት እንዲጨምር፣ አባላቱ ሁሉ በአንድ ቀን እውነቱን፣ «አላገኘሁም» ብለው ሊጽፉ ተስማሙ።

አብሮት የሚበረው ረዳት አብራሪ ወንድሜን «ጋሼ፣ ልጆች አሉኝ እኮ» ሲለው፣ «እኔስ ድመት ነው የማሳድገው?» ብሎ አሳቀው።

በቀኑ ከደረሱኝ ሃምሳ አንድ ቅጾች «አላገኘሁም» የሚለው የወንድሜ ብቻ ሆነ። ከበረራ አገዱት፤ የእረፍት ጥያቄውም ውድቅ ተደረገ። በዓመቱ ሞተ።

ከቀብሩ ማግስት ረዳቱ እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ደም መስሎ መጣ።

«እትዬ፣ የዚያን ቀን ቅጼን ላርመው።»

«መዝገብ አይታረምም። የዛሬውን ግን ገና አልሞላህም።»

ሰዓቱን አይቶ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ግልባጩ ደረሰኝ፤ «አግኝቻለሁ» ይላል። በቀኑ ተራ አስቀመጥኩት።