ለመብል የተሰጠን ሽምብራ

ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን ከጅዳ ተመለስኩ። ዓመታት በሰው ቤት፣ በአንድ ሻንጣ ስለኖርኩ ከእንግዲህ ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ማንም አይነቅለኝም ብዬ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ገና ሳልደላደል ጦርነቱ መጣ።

መንደሩ እየተነሳ ሲሄድ እናቴና እኔም ጓዛችንን አሰርን። አባቴ ግን ከጤፉ ዳር ንቅንቅ አልል አሉ። ጤፉ ደርሷል፤ የቀረው ማጨድ ብቻ ነው። ከባድ መሣሪያ ከማዶ ያጓራል፣ እሳቸው ከብት እንዳይገባበት ይጠብቃሉ።

«አባየ፣ ይነሱ እንጅ! ጤፍ ነፍስ ይሆናል?»

«ይኸን ለማን ጥየ ልሂድ? እናንተ ቅደሙ፤ አጭጀ እከተላችኋለሁ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ አባቴን ጠላኋቸው። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የታሪክ አስተማሪያችን፣ ሰው ጥንት እያደነና ፍሬ እየለቀመ ከቦታ ቦታ ይዞር እንደነበር፣ ኋላ ግን መዝራት ተምሮ «እንዳደገ» ነግሮን ነበር። ያ እድገት ይኸው አባቴን እግራቸውን አስሮ ለጥይት አቆመብኝ። ሰው እርሻ የሚባል ነገር ባይለምድ ኖሮስ? መጡ ሲባል ብድግ ብሎ ይሄዳል። የሚዘረፍ ጎተራ የለ፣ የሚጋደሉበት ወሰን የለ። እኔንስ ዐረብ አገር ምን ይወስደኝ ነበር?

በመጨረሻ እናቴ ሄዳ ጤፉ መሀል ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «በሉ አብረን እንሙታ!»

«ተነሽ አንች ሴት፣ አደቀቅሽው እኮ!» ብለው ጮኹ አባቴ።

እርስዎ ካልሄዱ አልነሳም አለች። ለጤፉ ሲሉ እሷን አስነሱ፤ እሷን ሲያስነሱ እሳቸውም ከዚያ ወጡ።

ቁልቁል ወደ ቆላው ስንወርድ ስለ ጥንት ሰዎቹ ያሰብኩትን ለአባቴ ነገርኳቸው። ጥቂት ከተራመዱ በኋላ፣ «ታዲያ ሰው ሲሞትባቸው ቅሬያቸው ማን ነበር?» አሉኝ። ቅሬ ቀባሪያችንም አስተዛዛኛችንም የሆነው ማኅበር ነው። ዞር ብዬ አየሁ። የአያቶቼ መቃብር ከኋላችን ቀርቶ ነበር።

ቆላ ያለ የእናቴ ዘመድ አስጠጋን። ቆልተን እንድንበላው ጥሬ ሽምብራም ሰጠን። ሽምብራው እንዲበረክት ብዬ የቁልቋል በለስና የቁርቁራ ፍሬ ልለቅም ወጣሁ፤ የተመኘሁት ኑሮ እጄ ገባ። እሾሁ ጣቴን ጨረሰው፣ ሆዴም አልሞላ። እነዚያ የጥንት ሰዎች ከእኔ የተሻለ ብልኀት ነበራቸው፣ ወይም ሁልጊዜ ይርባቸው ነበር። የቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አንድ ቀን ስመለስ አባቴን ወንዙ ዳር አገኘኋቸው። ከምንበላው ሽምብራ እፍኝ ቀንሰው ጥቁሩን አፈር በእንጨት እየጫሩ ይዘራሉ።

እናቴ አናቷን ያዘች። «ያረቢ! የምንቀምሰው ሳይኖር ይዘሩታል?»

«ያለውን ሁሉ በልቶ ማደር ነውር ነው» አሉ፤ ቀናም አላሉ።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። የመጀመሪያው ገበሬ እንዲህ ነበር ማለት ነው? ርቦት እያለ እፍኙን ያልበላ ሰው? እሱን ብልህ ልበለው ወይስ እብድ?

ወደ አገራችን መንገዱ ተከፈተ ተባለና ሁሉም መመለስ ጀመረ። አባቴ ግን፣ «ሽምብራው አበባ ሊይዝ ነው። ትተነው ብንሄድ ከብት ይጨርሰዋል» አሉ። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ በንዴት አለቀስኩ። ከጤፍ በመከራ የነቀልኩትን ሰው አሁን ደግሞ ከሽምብራ ልንቀል? ቤታችን የትኛው እንደሆነ ግራ ገባኝ። ዘመዳችን «ወላሂ እኔ እጠብቀዋለሁ» ብሎ ማለላቸውና ተነሱ።

ስንደርስ ጤፉ ረግፏል፣ የተረፈውን ከብትና ሰው ረግጦታል። አባቴ አፈሩን ዘግነው በጣታቸው መሀል አንጠባጠቡት። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ሐይቁን ሲያዩ ይውላሉ፤ ምግብ ሲቀርብላቸው ጎርሰው ይተዉታል። እናቴ «ይኸ ሰውየ ከእጃችን ሊያመልጥ ነው» አለችኝ። ፈራሁ።

እንዲህ ሆነን ሳለን ዘመዳችን ደወለ። ስልኩን አባቴ እንዲሰሙት ከፍ አደረግሁት።

«አፉ በሉኝ» አለ ይቅርታ እየጠየቀ። «እሸቱን መንገደኛ ጨረሰው። ከስደት ተመላሹ ሁሉ እየነቀለ እየበላ አለፈ። ምን ብየ ልከልክል?»

በእኛ አገር እሸት የቀመሰ መንገደኛ ሌባ አይባልም። ቢሆንም ጤፉ ሳያንስ ይኸ ተጨመረባቸው አልኩ።

«ልጆችም ነበሩበት?» አሉ አባቴ።

«ነበሩ።»

«አልሐምዱሊላህ። ተበላ በለኛ!»

ፊታቸው ፈታ አለ። ይኸው፣ ዘሪው ሳይኖር ለቃሚዎቹ በልተው ሄዱ፣ ያልኩት አልቀረም ልላቸው አፌን ስከፍት ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። ከተመለስን ጀምሮ ስለ ነገ ሲጠይቁ ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር።

«ስማኝማ፣ ለዘር የምትሆን እፍኝ አልተረፈችም?»